በሰሜኑ ግድግዳ የዘረጋሁት ሻርፕ

ፈጠራ ነው የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በሉኝ፣ ግድ የለኝም። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ። በገዛ እጄ ይዤዋለሁ።

ቀኑ ማክሰኞ ነው። ወሩ የካቲት። ሰዓቱ ከቀኑ አስር ሰዓት ከሩብ።

ሌሊት አይደለም። ጭር ያለ ቦታም አይደለም። ሠላሳ ዘጠኝ ሰው ነበርን... አንድ በአንድ የቆጠርኩት እኔ ነኝ።

ቦታው ነተርዌል ይባላል። እንግሊዝ ሀገር፣ ከዌልስ ድንበር ጥግ ያለች፣ ከሰው ይልቅ በግ የሚበዛባት መንደር ናት። ጋሬዝን አግብቼ እዚህ ከገባሁ ሃያ አንድ ዓመቴ። ስሜ ትርንጎ ነው፤ እነሱ ምላሳቸው አልታዘዝ ብሎ "ትሪ" ይሉኛል። ለምጄዋለሁ።

የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ቅድስት ማርጋሬት ነው። ስምንት መቶ ዓመት ሞልቶታል ይባላል። ወፍራም ግንብ፣ አጭር ማማ፣ ዝናብ የሚያስገባ ጣሪያ። እኔ የደብሩ ተጠሪ ነኝ። ያው ቁልፉም እኔ ጋ፣ ባልዲውም እኔ ጋ፣ ጭቅጭቁም እኔ ጋ ነው ማለት ነው።

በየዓመቱ ጾም ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው "እቅፍ" የምንለው ነገር አለን።

የመንደሩ ሰው ይወጣል፣ ጀርባውን ለግንቡ ይሰጣል፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ ቤተ ክርስቲያኑን ዙሪያውን ያቅፈዋል። ቄሷ (አዎ፣ ሴት ናት) በሩ ላይ ትቆምና ከጎኗ ያለውን ሰው እጅ ጨመቅ ታደርጋለች። እሱ ለሚቀጥለው ያሳልፋል፣ ያም ለሚቀጥለው... ጭመቃው ዞሮ በሌላኛው እጇ ሲመጣላት ክቡ ተዘጋ ማለት ነው። ያኔ ቃጭሉን ትደውላለች። እኛም ጮኸን፣ ተላቀን፣ ፓንኬክ ልንበላ ወደ አዳራሹ እንሮጣለን። በቃ ይኸው ነው። ሲያዩት የልጅ ጨዋታ ይመስላል።

ችግሩ አንድ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑን ለማቀፍ ሃምሳ ስምንት ሰው ያስፈልጋል።

እኛ ደግሞ ሠላሳ ዘጠኝ ነን። ወጣቱ ከተማ ገብቷል፣ ሽማግሌው መቃብር ገብቷል።

"ዘንድሮ ይቅር" አለኝ ጋሬዝ ጠዋት ቦት ጫማውን እየሳበ። "ሰው የለም። ስምንት በግ ደግሞ ልትወልድ ዛሬ ነገ እያለች ነው።"

"ስንት መቶ ዓመት ያልተቋረጠ ነገር በኔ ጊዜ አይቋረጥም።"

"አንቺ እኮ ከኛ ባስሽ!" ብሎ ሳቀብኝ።

እልኸኛ ነኝ። ደብቄው አላውቅም። ፊት ለፊት "መጤ" ያለኝ ሰው የለም፤ ግን "እሷ ተጠሪ በሆነችበት ዓመት ቀረ" ተብሎ እንዲወራ አልፈለግኩም። ስለዚህ መላ ዘየድኩ።

ሻርፕ።

ሰው የጎደለበት ቦታ ላይ ሁለት ሰው ረጅም ሻርፕ ግራና ቀኝ ይዞ ክፍተቱን ይሞላል። ጭመቃው ሲደርስ ሻርፑን ሳብ ማድረግ ነው። እንዴት ብልህ ነኝ ብዬ እኮ ራሴን አመሰገንኩ። ኤዲያ!

ሻርፖቹን እየቀጣጠልኩ ሳለ ሚስተር ሜረዲት በአጠገቤ ሲያልፉ አዩኝ። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የመንደሩን መቃብር ሲቆፍሩ የኖሩ ሰው ናቸው።

"ምንድነው እሱ?"

"ሻርፕ ነዋ፣ ሚስተር ሜረዲት። ለሰሜን በኩል። ያው እዚያ ማንም መቆም አይወድም፤ ጭቃ ነው፣ እሾህ ነው..."

ሻርፑን በከዘራቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

"እጅ ካልበቃ ይቅር ልጄ። ባዶ ቦታ አይተውም። በሰሜን በኩል ደግሞ... በጭራሽ።"

"ማን ይገባበታል ብለው ነው?" ብዬ ሳቅኩ።

እሳቸው አልሳቁም። ከዘራቸውን አንስተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። የዚያን ቀን እቅፉ ላይ አልቆሙም።

አስር ሰዓት ሲሆን ሁላችንም ቦታ ቦታችንን ያዝን። ጉም ወርዶ ነበር፤ የመቃብሮቹ ድንጋዮች እስከ ሁለተኛው ረድፍ ብቻ ይታያሉ። በደቡብ፣ በምዕራብና በምሥራቅ ሰው ሞላን። ለሰሜን አንድ ሰው ብቻ ቀረ።

ጋሬዝ።

"እኔ እቆማለሁ" አለ። ሁልጊዜም እንዲህ ነው። ሰው ሁሉ ጭቃ ሲሸሽ እሱ ነው የሚገባው። በሰሜኑ ግድግዳ መሃል ላይ ብቻውን ቆመ። አንዱን ሻርፕ በስተምዕራብ ማእዘን ላይ ያለው ፖስተኛው ኮሊን ያዘለት። ሌላኛውን በስተምሥራቅ ማእዘን ላይ እኔ ያዝኩ።

እኔ ካለሁበት እሱን አላየውም። የማእዘኑ ግንብ ወፍራም ነው። የሚታየኝ በግራ እጄ የያዝኩት ሻርፕ ግንቡን ዞሮ ወደዚያ ሲሄድ ብቻ ነው።

በቀኜ ግሌኒስ ነበረች፣ የመጠጥ ቤቷ ባለቤት።

"ባልሽን በገመድ አሰርሽው አይደል?" አለችኝ።

"በሻርፕ ነው።"

"ጎበዝ። እኔ የኔን በሰንሰለት ማሰር ነበረብኝ፣ አመለጠኝ።"

እየሳቅን ሳለ ጭመቃው መጣ። የግሌኒስ ወፍራም ሞቃት እጅ እጄን ጨመቅ አደረገኝ።

ሻርፑን ሳብ አደረግኩት።

እሱም ከወዲያ መለሰ፣ ሳብ አደረገ። በቃ፣ አሁን ኮሊን ጋ ይደርሳል፣ ከዚያ ቄሷ ጋ፣ ከዚያ ቃጭሉ... አምስት ሰከንድ አይፈጅም።

ጠበቅን።

ቃጭል የለም።

አንድ ደቂቃ... ሁለት ደቂቃ...

"እንቅልፍ ወሰዳቸው እንዴ?" አለች ግሌኒስ።

ሻርፑ ከበደኝ። የሱፍ ሻርፕ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል። ግን ዝናብ አልነበረም። ውሃው ከወዲያ በኩል በሱፉ ውስጥ እየተሳበ መጥቶ ጣቶቼን አራሰኝ። በጣም ቀዝቃዛ ነው።

ከዚያ ሻርፑ ላላ። ጭራሽ ላላ። ከመዳፌ ሙልጭ ብሎ ወጣ።

እና በቦታው... እጅ ገባ።

መጀመሪያ አልደነገጥኩም። እውነቴን ነው። ጋሬዝ ሊቀልድብኝ ተጠግቶ ነው ብዬ አሰብኩ።

"ጋሬዝ፣ ቦታህን አትልቀቅ" አልኩ በሹክሹክታ። "ደግሞ እጅህ በረዶ ሆኗል።"

ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

"ጋሬዝ?"

"ምነው?"

ድምፁ የመጣው ከሩቅ ነው። ከግድግዳው መሃል።

"የት ነህ?"

"ያቆምሽኝ ቦታ ነኝ።"

"...እጄን ይዘኸኛል አይደል?"

"አልያዝኩሽም ትሪ።"

በዚያች ሰዓት ነው እጁ ትንሽ መሆኑን ያስተዋልኩት። የጋሬዝ እጅ አካፋ ያክላል። ይሄኛው በመዳፌ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ገብቷል። ጥፍሮቹ ለስላሳ ናቸው። ለስላሳ... ገና እንዳልጠነከረ ጥፍር።

"ጋሬዝ" አልኩ። "እጄን የያዘው ማነው?"

"የኔንም ይዘውኛል" አለ። "ሁለቱንም።"

"በስመ አብ..."

"ትሪ፣ ስሚኝ። አትልቀቂ። ቃጭሉ እስኪደወል አትልቀቂ። አንቺ ከለቀቅሽ እኔ..."

ለቀቅኩ።

ምን ልበላችሁ? ያን ሁሉ ዓመት አንድ አልጋ ላይ አብሮኝ የተኛ ሰው አትልቀቂ እያለኝ ለቀቅኩ። ፈራሁ። እጄን መንጭቄ ወደ ደረቴ ሰበሰብኩ። ከዚህ በላይ የማፍርበት ነገር የለኝም።

ቃጭሉ የተደወለው ከዚያ በኋላ ነው። ሦስት ወይም አራት ሰከንድ ቆይቶ።

ሰው ሁሉ ጮኸ፣ አጨበጨበ። ቄስ ፊሊፓ እየሳቀች "ስድስት ደቂቃ! ምን ስትሠሩ ነው?" ስትል ከፊት በኩል ይሰማኛል። ወጣት ናት፤ ስድስት ደብር ስለምታገለግል ሁልጊዜ እየሮጠች ነው። ለሷ ክቡ ተዘግቷል። ጭመቃው ደርሷታል።

እኔ ማእዘኑን ዞሬ ሮጥኩ።

ጋሬዝ ጀርባውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ ሁለት እጆቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ቆሟል። ጣቶቹ እጥፍ ብለዋል፣ ሰው እንደያዘ። ማንም የለም። ሁለቱ ሻርፖች ከእግሩ ስር ተቀምጠዋል።

ተጣጥፈው። ጥሩ ሆነው ተጣጥፈው።

"ጋሬዝ!"

ቀስ ብሎ ዞረ።

"ቃጭሉ ተደወለ እንዴ?"

"አዎ! ተደውሏል፣ አልቋል፣ ና እንሂድ..."

"እኔ አልሰማሁትም" አለ።

ጎትቼ ወሰድኩት። አዳራሹ ውስጥ ፓንኬክ አቀረቡለት፤ ሹካውን ሊይዝ አልቻለም። ጣቶቹ ግማሽ ታጥፈው ቀሩ። ሰው ብርድ ነው አለ። እኔም ብርድ ነው አልኩ።

ረቡዕ ዕለት ጣቶቹ ቀዘቀዙ። የሙቅ ውሃ ላስቲክ አስታቀፍኩት፤ ላስቲኩ ነው የቀዘቀዘው።

ሐሙስ ቅዝቃዜው አንጓው ጋ ደረሰ። ሐኪሙ መጣ፣ ነካካው፣ "የደም ዝውውር" ምናምን አለና የራሱን እጅ ሱሪው ላይ እያሻሸ ሄደ። በዚያው ቀን በጎቹ መውለድ ጀመሩ። ጋሬዝ ካልሄድኩ ብሎ በረት ገባ። በእጁ የተቀበላቸው ሦስት ግልገሎች ሞተው ወጡ። አራተኛዋን እኔ ተቀበልኳት፤ እሷ ቆማ ጠባች።

ጋሬዝ ሦስቱን አያቸው። ወጥቶ ጀርባውን በረቱ ግድግዳ ላይ ለጠፈና እጆቹን ትንሽ ከፈት አድርጎ ቆመ።

"ምን እየሠራህ ነው?"

"ቦታዬን ይዤ ነዋ።"

"የምን ቦታ?"

"ካልቆምኩ ክፍተት ይሆናል።"

አርብ ጠዋት ክርኑ ጋ ደርሷል። ቁርስ ሳጎርሰው... አዎ፣ እንደ ሕፃን አጎርሰው ነበር... እንዲህ ብዬ ጠየቅኩት፦

"ስንት ነበሩ?"

ማኘኩን አቆመ።

"አሥራ ዘጠኝ።"

ሃምሳ ስምንት ያስፈልግ ነበር። ሠላሳ ዘጠኝ ነበርን። እናንተው ቀንሱት።

ካፖርቴን ደርቤ ሚስተር ሜረዲት በር ላይ ነው የተገኘሁት። ሳላንኳኳ ከፈቱልኝ።

"የት ደርሷል?" አሉኝ። እንደምን አደርሽ እንኳ የለም።

"ክርኑ ጋ።"

"ግቢ።"

ያሉኝን እንዳለ ልንገራችሁ።

"በሰሜን በኩል ማን እንደሚተኛ ታውቂያለሽ? የድንጋይ ምልክት የሌላቸው ናቸው። ክርስትና ሳይነሱ የሞቱ ሕፃናት። ራሳቸውን ያጠፉ። መንገድ ላይ ሞተው የተገኙ፣ ስማቸው ያልታወቀ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አልገቡም። በሕይወት እያሉም ሆነ ሞተው እቅፉ ውስጥ ኑ ያላቸው የለም። እኔ ራሴ ስቆፍር አንዳንዴ ትንንሽ አጥንት አገኝ ነበር፣ ቀስ ብዬ እመልሳለሁ።"

"እኔ እኮ አላወቅኩም..."

"ነገርኩሽ እኮ። ሻርፕ ስትዘረጊ ቦታ ዘረጋሽላቸው። ኑ ግቡ አልሻቸው። ገቡ። ምን ያድርጉ?"

አለቀስኩ። አላባበሉኝም።

"ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወንድ አልቆ፣ ሰው ጠፍቶ፣ በገመድ ሞክረውት ነበር። አባቴ ነው የነገረኝ። አክስቴ ኢዲት ነበረች ሰሜን ላይ የቆመችው። በስምንተኛው ቀን ሞተች። እጆቿ አልታጠፍ ብለው... ሳጥኗን ሰፊ አድርገው መሥራት ነበረባቸው። በጣም ሰፊ።"

"ምን ላድርግ? ይንገሩኝ፣ ምንም ቢሆን አደርጋለሁ!"

"እንደገና ይታቀፋል። በእጅ ብቻ፣ አንድም ክፍተት ሳይኖር። ሃምሳ ስምንት ሰው። አንቺ ከጎኑ ትቆሚያለሽ፣ የለቀቅሽው አንቺ ነሻ። ምንም ቢመጣ፣ ምንም ብትሰሚ፣ ቃጭሉ እስኪደወል እጁን አትለቂም።"

"ከለቀቅኩስ?"

ከዘራቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ።

"አናጢውን ቀድመሽ አነጋግሪው።"

ቅዳሜን በሙሉ በር ሳንኳኳ ዋልኩ። የሦስት መንደር በር። ሰው "ለምን?" ሲለኝ "ባሌ እየሞተብኝ ነው" አልኩ። ከዚያ በላይ አላብራራሁም። አንዳንዱ በሩን ዘጋብኝ። አንዳንዷ አቅፋኝ አለቀሰች። የእግር ኳስ ቡድኑ ልጆች "ለጋሬዝማ እንመጣለን፣ ስንቴ መኪናችንን ከጭቃ አውጥቶልናል" አሉኝ። ቄስ ፊሊፓ መጀመሪያ "ትሪ፣ ይሄ እኮ አጉል እምነት ነው" አለችኝ። ከዚያ ወደ ቀኝ መዳፏ አየች።

"ማክሰኞ ዕለት" አለች ቀስ ብላ፣ "ጭመቃው ሲደርሰኝ... በዚህ እጄ ነው የመጣልኝ። በዚህ በኩል ከጎኔ የነበረችው ሚስዝ ፓሪ ናት። እና እሷ 'እኔ አልጨመቅኩሽም' አለችኝ።"

"ታዲያ ለምን ደወልሽ?"

"ፈርቼ" አለች። "እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናደርገዋለን።"

እሑድ። ከረፋዱ አምስት ሰዓት። ቅዝቃዜው ትከሻው ላይ ነው። ጋሬዝን ከመኪና ሳወርደው በጆሮዬ ደረቱን አዳመጥኩ፤ ልቡ ቀስ እያለ ይመታል።

ሰው መጣ። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ መጡ! ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ።

ሃምሳ ሰባት።

አንድ ሰው ጎደለ።

የአጥሩ በር ላይ ኮሊን ቆሟል። እጆቹን ብብቱ ውስጥ ቀብሯል።

"እኔን አትቁጠሪኝ" አለኝ ገና ሳልናገር። "እኔም ተይዤ ነበር፣ ትሪ። ለማንም አልተናገርኩም። ከማክሰኞ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።"

"ገምቼ ነበር።"

"የሽማግሌ እጅ ነበር። ሻካራ። አልለቅህ አለኝ፤ እየለመነኝ ይመስል ነበር።"

"ኮሊን፣ እባክህ። አንድ ሰው ነው የጎደለኝ። አንድ።"

ጋሬዝን አየው። ጋሬዝ አንገቱን ደፍቶ፣ እጆቹን በትንሹ ዘርግቶ፣ ብቻውን ወደ ሰሜኑ ግድግዳ መራመድ ጀምሯል።

ኮሊን ተሳደበ፣ የማይጻፍ ስድብ። ከዚያ እጆቹን ከብብቱ አወጣ።

ሃምሳ ስምንት።

በሰሜኑ ግድግዳ እኔ በግራ እጄ ጋሬዝን ያዝኩ፣ በቀኜ ግሌኒስን። ከጋሬዝ ወዲያ ሚስተር ሜረዲት ቆሙ። ጓንት እንዳታደርጉ ተብሎ ነበር፤ ሁላችንም እጃችን ባዶ ነው። ፊት ለፊታችን ምልክት የሌለው ሣር። እሾህ። ጉም።

ግሌኒስ አልቀለደችም።

የጋሬዝ እጅ የድንጋይ ያህል ይቀዘቅዛል። አጥብቄ ያዝኩት።

ጸጥ አለ። ወፍ የለም። በግ የለም።

ከዚያ... በኔ መዳፍና በሱ መዳፍ መሃል አንድ ነገር ሲገባ ተሰማኝ።

ጣት ነው። ቀጭን ጣት። ቀስ ብሎ፣ እየፈለቀቀ፣ መንገድ እየፈለገ። ሁለተኛ ጣት ተከተለው። ሦስተኛ።

ጥርሴን ነክሼ አጠበቅኩ።

"ትሪ..." አለኝ ጋሬዝ በሹክሹክታ። "ልቀቂኝ።"

"አልለቅህም።"

"ደክሞኛል። ግድ የለም። እዚህ ብቀር ይሻለኛል።"

"ዝም በል!"

"ትሪ የኔ ውድ... አንዴ ለቀሽኝ የለ? አሁንም ልቀቂ።"

እንባዬ ወረደ። እውነት ብሏላ። ጣቶቼ ሊከፈቱ ምንም አልቀራቸውም ነበር።

ያኔ ነው ያስተዋልኩት።

ድምፁ የጋሬዝ ነው። ግን የመጣው ከጎኔ አይደለም።

ከፊት ለፊቴ ነው። ከሣሩ ውስጥ። ከጉልበቴ በታች።

ወደ ጎን አየሁ። ጋሬዝ ከንፈሩ ገጥሟል። ዓይኖቹን አፍጥጦ ያየኛል፤ ራሱን በኃይል እየወዘወዘ "አይ፣ አይ፣ አይ" የሚል ምልክት ይሰጠኛል።

"ያዥው ልጄ!" አሉ ሚስተር ሜረዲት ከወዲያ። "ያዥው!"

ግሌኒስ ጨመቅ አደረገችኝ። መጣ! ወደ ግራዬ አሳለፍኩት። ያለ የሌለ ጉልበቴን ሰብስቤ የጋሬዝን እጅ ጨመቅኩ፤ በመሃላችን የገቡትን ጣቶችም አብሬ ጨመቅኳቸው። አንድ ነገር በጣም በቀስታ ሲያለቅስ ሰማሁ። ጋሬዝ ለሚስተር ሜረዲት አሳለፈ። እሳቸው ለሚቀጥለው...

ቃጭሉ ተደወለ።

ጋሬዝ ከሰመጠበት ውሃ እንደወጣ ሰው አየር ሳበ። ጭቃው ላይ ተቀምጦ ሁለት እጆቹን ፊቱ ላይ አደረገ... አጥፎ! እጆቹን አጥፎ! እያለቀሰም እየሳቀም "ሰማሁት፣ ቃጭሉን ሰማሁት" ይላል። ሰው ተሰበሰበ፣ ግሌኒስ ጉንጩን ሳመችው፣ ኮሊን አጥሩ ላይ ተደግፎ አስመለሰው። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት።

ሚስተር ሜረዲት ወደኔ መጡ።

"ልቀቂ ልጄ። አበቃ።"

"ለቅቄያለሁ እኮ" አልኳቸው።

ወደ ግራ እጄ አዩ። እኔም አየሁ።

ጋሬዝ ከኔ ሦስት እርምጃ ርቆ ተቀምጧል። እጄ ግን እጥፍ ብሎ ቀርቷል። ባዶ ነው። ግን አልተለቀቀም።

ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። እሳቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ።

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ። ጋሬዝ ደህና ነው። እንዲያውም ወፍሯል። ከዚያ ወዲህ የተወለዱት ግልገሎች በሙሉ ቆመው ይዘላሉ።

እኔን ቅዝቃዜው ወደ ላይ አልወጣብኝም። እዚያው መዳፌ ላይ ቆመ። እንዲያውም ከሰሞኑ እየሞቀ ነው። አንዳንዴ ሳህን ሳጥብ ሳብ ያደርገኛል፣ ወደ ታች፣ አቅፊኝ እንደሚል ልጅ። ይህን የምጽፍላችሁ በቀኝ እጄ ብቻ ነው። ለጋሬዝ አልነገርኩትም። ምን ብዬ? እሱን ያተረፍኩት በዚህ በግራ እጄ ነው። ጅማት ነው፣ ይድናል አልኩት፤ አመነኝ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ወጥ ቤት በር ላይ ቆሜ ሳለ ከበረት መጣ። እያፏጨ።

"ነይ መንታ ተወልዷል፣ ላሳይሽ" አለኝ።

ከዚያ ቆመ። ፉጨቱም ቆመ።

"ትሪ" አለኝ ቀስ ብሎ። "ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?"

እጄን አልነበረም የሚያየው። ከእጄ በታች፣ ከጎኔ፣ ከወገቤ ዝቅ ብሎ ያለውን ባዶ ቦታ ነው የሚያየው።

ልጅ የለንም እኛ። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ አልሆነልንም።

ጋሬዝ በርከክ አለ። ፈገግ እያለ እጁን ዘረጋላት።